ለሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ የትኛው ላፕቶፕ? «ለትምህርት ነው ወይስ ለጌም» ብለው ለጠየቁ ወላጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን በአጭሩ ላስታውስ። ልጅዎ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሶ ሜካኒካል ምህንድስና ደርሶታል። ላፕቶፕ ያስፈልገኛል በማለቱ እርስዎ 75 ሺህ ብር አዘጋጅተዋል። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ «ኮር አይ7፣ 16 ራም፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ» ያለው፣ ቀጭንና አዲስ ላፕቶፕ በ74 ሺህ ብር አቅርቦልዎት የመለያ ጽሑፉን ፎቶ አንስተው ልከዋል። ልጅዎ ግን ቴሌግራም ላይ ያየውን፣ ኪቦርዱ ቀይ የሚያበራውን ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ነው የሚፈልገው፤ ዋጋው 66 ሺህ ብር ሲሆን ኮር አይ5 9300ኤች፣ ጂቲኤክስ 1650 እና 8 ጊጋ ራም እንዳለው ተጽፏል። ሜሪላንድ የሚኖሩት ወንድምዎ ታኅሣሥ ላይ ስለሚመጡ ከዚያ ይዘው ቢመጡስ የሚል ሐሳብም አለ። የጥያቄዎ ማሳረጊያ ደግሞ «ልጄ ለትምህርት ነው ይለኛል፤ እኔ ግን ለጌም ይመስለኛል፤ እውነቱን ንገሩኝ» የሚል ነበር።

ልጅዎ አልዋሸዎትም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። ጌም የሚጠይቀው ዕቃና ሜካኒካል ምህንድስና የሚጠይቀው ዕቃ ሰው እንደሚያስበው የተራራቁ ሳይሆኑ በአብዛኛው አንድ ናቸው። ሶሊድወርክስ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም የተሠራ የማርሽ ሳጥን በመዳፊት ተይዞ ሲሽከረከር ኮምፒውተሩ የሚያደርገው የዕቃውን ገጽ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ እያንዳንዳቸውን በሴኮንድ ደጋግሞ መሳል ነው፤ በጌም ውስጥ መኪና አስፋልት ላይ ሲሮጥ የሚደረገውም ይኸው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ለምን ይገዛ የሚለው ሳይሆን፣ በተያዘው ገንዘብ ይህን ሥራ ለቀሩት አራት ዓመታት ሳያቃስት የሚሠራው የትኛው ነው የሚለው ነው። የእኔ መልስ ከቀረቡልዎት ከሁለቱም የተለየ ቢሆንም፣ ለልጅዎ ምርጫ የበለጠ ይቀርባል።

ይህን የመሳል ሥራ የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል ግራፊክስ ካርድ (ጂፒዩ) ይባላል። በቅድሚያ የሱቁን «8 ጊጋ ግራፊክስ» እንፍታው፤ ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ለማሳያ የተከፈተ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ካለ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ያስከፍቱና ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን ይመልከቱ። «ዴዲኬትድ» ተብሎ የሚጻፈው የማስታወሻ መጠን የግራፊክስ ካርዱ የግል ሀብት ነው፤ «ሼርድ» የሚባለው ግን ካርዱ ሲቸግረው ከራሙ (ኮምፒውተሩ የተከፈቱ ሥራዎችን ከሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሊበደር የሚችለው ሲሆን፣ ዊንዶውስ ለዚህ ብድር የሚፈቅደው ጣሪያ የራሙን ግማሽ ያህል ነው። የ16 ግማሽ 8 ነው። እርስዎ ያዩት ላፕቶፕ ላይ «ዴዲኬትድ» የሚለው ጨርሶ አይኖርም፤ ቢኖርም በጥቂት ሜጋባይት ነው። ሻጩ ፈጽሞ ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ የራሙን ግማሽ ግን ሁለት ጊዜ ሊሸጥልዎት ነበር።

«ኮር አይ7» የሚለውም ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጀነሬሽኑን (ትውልዱን)፣ በስተመጨረሻ ያለው ፊደል ደግሞ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ) ምን ያህል ኃይል እንዲበላ እንደተፈቀደለት ይነግራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለታናሽ እህቴ ላፕቶፕ ስገዛ «አይ7 ነው» በሚለው ቃል ብቻ ተማርኬ ያገለገለ 7500ዩ ይዤ ገባሁ፤ አጠገቡ በአነስተኛ ዋጋ ተቀምጦ የነበረው አይ5 8250ዩ ነበር። አይ7 የተባለው ሁለት ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰሩ ክፍል)፣ አይ5 የተባለው አራት ኮር እንዳለው ያወቅሁት እህቴ የሕንፃ ሞዴል ኢታብስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ጭና ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ሲቀር ነው። ስህተቱ የሱቁ አልነበረም፤ ቁጥሩ ሣጥኑ ላይ ተጽፎ ነበርና ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ከላኩት ፎቶ እንዳነበብኩት የእርስዎ 1255ዩ ነው፤ 12ኛ ጀነሬሽን ሲሆን አሥር ኮር አለው፤ ነገር ግን ጠንካሮቹ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ስምንቱ ለቀላል ሥራ የተሠሩ ናቸው። «ዩ» የሚለው ፊደል መሠረታዊ የኃይል መጠኑ 15 ዋት መሆኑን ያሳያል፤ «ኤች» የሚል ቢሆን 45 ዋት ይሆን ነበር። ለፍትሐዊነት ያህል መጥፎ ፕሮሰሰር አይደለም። አንዱ ጠንካራ ኮር ብቻውን በሚሠራበት ጊዜ ከብዙ የቆዩ የ«ኤች» ፕሮሰሰሮች ይፈጥናል፤ ልጅዎ አካውንቲንግ ቢማር ኖሮ ያለማመንታት ይግዙት እል ነበር። ችግሩ ሥራው ሲረዝም ነው፤ ቀጭኑ አካል ሙቀቱን ማውጣት ስለማይችል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የራሱ ግራፊክስ ካርድም የለውም።

ልጅዎ ላፕቶፑን ለምን እንደሚጠቀምበት ደግሞ እንይ። የትምህርቱ ቅደም ተከተል ከግቢ ግቢ ቢለያይም የምህንድስና ሥዕል በአውቶካድ፣ የማሽን ሥዕል በሶሊድወርክስ ወይም በካቲያ፣ የቁጥር ስሌት ዘዴዎች በማትላብ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ የጥንካሬና የሙቀት ትንተና በአንሲስ ይመጣሉ። አውቶካድ አብዛኛውን የሥዕል ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ብሎ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም። ፈቃዱንም ቢሆን አውቶዴስክ ለተማሪዎች ለአንድ ዓመት በነፃ ሰጥቶ በየዓመቱ ያድሳል፤ ከሰው ፍላሽ ላይ «ክራክ» እየገለበጡ ቫይረስ ማስገባት ለምን እንደሚመረጥ አይገባኝም። ሶሊድወርክስ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ መቶ ክፍሎች ያሉት ፓምፕ ተገጣጥሞ ሲከፈት፣ ጎን ለጎን የመምህሩ ፒዲኤፍና አምስት ስድስት የብራውዘር ገጾች ሲኖሩ፣ 8 ጊጋ ራም ወዲያውኑ ይሞላና ኮምፒውተሩ ከራም ወደ ዲስክ እየገለበጠ ማንከስ ይጀምራል። ስለዚህ 16 ጊጋ የማይደራደሩበት ዝቅተኛው ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን አይቸኩሉ። አንሲስ ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጠው ስሪት በጥንካሬ ትንተና ከ128 ሺህ ኖድ (ስሌቱ የሚሠራባቸው ነጥቦች) በላይ ያለውን ሞዴል አይቀበልም፤ ይህን የሚያክል ሞዴል ደግሞ 16 ጊጋ ራም ባለው ጥሩ ላፕቶፕ ይፈታል። «ለአንሲስ 64 ጊጋ ያስፈልጋል» የሚል ካጋጠመዎት የሚያወራው ስለ ድርጅት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ምርጫ ልምጣ። ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ የራሱ ማስታወሻ ያለው ካርድ ነው፤ ጌም የሚሸጠው ስቲም በየወሩ በሚያወጣው የተጠቃሚዎች የሃርድዌር ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አንደኛ ሆኖ ነበር። ይህን ያህል ሰው ስለያዘው ጌም ሠሪዎችም ለረጅም ጊዜ እሱን ሳይዘነጉ ሠርተዋል። ጂቲኤ 5፣ የእግር ኳስ ጌሞቹ፣ ቫሎራንት እና ካውንተር ስትራይክ በደህና ይሄዱበታል፤ ሶሊድወርክስም ላይ የሚያሳፍር አይደለም። ስለዚህ ልጅዎ በካርዱ ምርጫ አልተሳሳተም። የማልወደው ሌላውን ክፍል ነው። አይ5 9300ኤች አራት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ራሙ 8 ስለሆነ ገና ከመገዛቱ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በእጅጉ ስለናረ «ራሙን በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው የድሮ ምክር ዛሬ ውድ ሆኗል። ከሁሉም በላይ፣ በርካሽ የተሠራ የጌም ላፕቶፕ ለዓመታት በሙሉ ኃይሉ ሲነድ የኖረ ስለሆነ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ ማጠፊያው ይላላል፣ ፕላስቲኩ ከብሎኑ ሥር ይሰነጠቃል። ለጥገና ከሚመጡልኝ ላፕቶፖች ስክሪኑ ከአካሉ ተገንጥሎ በፕላስተር ታስሮ የሚመጣው በአብዛኛው የዚህ ዓይነቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ነጋዴዎቻችን «ወርክስቴሽን» የሚሉት ነው። ዴል ፕሪሲዥን 7540፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ53 እና ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ6 ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ለመሐንዲሶች ተብለው የወጡ ናቸው፤ በውጭ አገር ኩባንያዎች በሊዝ (በኪራይ ውል) ይዘዋቸው የውሉ ዘመን ሲያበቃ በጅምላ ይለቋቸዋል፤ በዱባይና በአሜሪካ በኩልም ወደኛ ገበያ ይገባሉ። ውስጣቸው ብዙውን ጊዜ አይ7 9750ኤች ወይም 9850ኤች የተባለ ባለ ስድስት ኮር ፕሮሰሰርና ኳድሮ ቲ1000 ወይም ቲ2000 የተባለ ግራፊክስ ካርድ ይገኛል። ልጅዎ ሊያውቀው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ኳድሮ ቲ2000 እና ጂቲኤክስ 1650 የተሠሩት ቲዩ117 ከሚባል ከአንድ ዓይነት ቺፕ ነው፤ በላፕቶፕ ስሪታቸው የማስሊያ ክፍሎቻቸው ቁጥር እንኳ ተመሳሳይ ሲሆን ሁለቱም 1024 አላቸው። ቲ1000 ከዚሁ ቺፕ 768 ክፍሎች ብቻ የተከፈቱለት ነው። ልዩነቱ ያለው በአብዛኛው በሶፍትዌሩ በኩል ነው፤ የኳድሮው ለሶሊድወርክስና ለካቲያ ተፈትኖ የጸደቀ ስለሆነ እነዚህ ፕሮግራሞች ለጌም ካርድ የሚነፍጉትን አንዳንድ የማሳያ ገጽታ ለእሱ ይከፍቱለታል። ጌሙ ግን ስሙ ኳድሮ ነው ብሎ አይመልሰውም፤ ይጫወታል። «ኳድሮ» የሚለው ስም ጌም ወዳጁን ገዢ ስለማይስብ እኩል አቅም ያለው ማሽን ብዙ ጊዜ ረከስ ብሎ ይገኛል፤ አልፎ አልፎ የገዢዎች አለማወቅ ለሚያውቅ ሰው ይጠቅማል። በዚያ ላይ ሦስቱም ራም መሰኪያቸው አራት ነው፣ ለሁለተኛ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) ቦታ አላቸው፣ የታች ክዳናቸው በተራ ብሎን ይከፈታል፤ ኪቦርድና ማራገቢያ ለመቀየርም ሰው አያስለቅሱም።

ጉድለታቸውን ሳልናገር ባልፍ ግን ከሻጩ አልሻልም። እያንዳንዳቸው 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ የቻርጀራቸው ጡብም ለብቻው ሸክም ነው። ያገለገለ ባትሪያቸው በንባብና በጽሑፍ ሥራ ሦስት ሰዓት ካስኬደ ልጅዎ ያመስግን። የተሠሩበት ዘመን ሩቅ ነው፤ በቅርብ ጊዜ የወጡ ከባድ ጌሞች ደግሞ 4 ጊጋ የግራፊክስ ማስታወሻን ማናናቅ ጀምረዋል። ልጅዎ የሚያልመው እነዚህን ከሆነ ከአሁኑ ይነገረው። በገንዘቡ ላይ መጨመር የሚችሉ ቢሆን ኖሮ አርቲኤክስ 4050 ያለው አዲስ ሌኖቮ ሎክ፣ ኤችፒ ቪክተስ ወይም ኤሰር ናይትሮ እመርጥ ነበር፤ ካርዱ 6 ጊጋ ማስታወሻ ስላለው ልጅዎ እስኪመረቅ ያደርሰዋል። እዚያም ቢሆን ስሙ ብቻ አያታልልዎ፤ አንድ ዓይነት አርቲኤክስ 4050 እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ሊፈቀድለት ስለሚችል ሁለት ስመ ሞክሼ ማሽኖች በጉልበት በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። በአሜሪካ በኖቬምበር ወር ማገባደጃ በሚደረገው የቅናሽ ሽያጭ ወቅት እንኳ የእነዚህ ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር ከያዙት በላይ ስለሚሆን ለጊዜው እንተወው።

ስለ ማክቡክ አልጠየቁኝም፤ ሰው እንዳይመክርዎት ግን ሶሊድወርክስ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ መሆኑን ይያዙ። ከዊንዶውስ ጋር በተያያዘ ሌላም ወጥመድ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በዚህ ምክንያት 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች በውጭ አገር በርካሽ እየተጣሉ ነው፤ እዚህ ደርሰው «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው ቢቀርቡልዎት ዋጋቸው ምንም ያህል ቢያምር ይለፏቸው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ 9ኛ ጀነሬሽን ስለሆኑ ይህ አይነካቸውም።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ገንዘቡን የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው ፍተሻው ነው፤ እኔ ለዘመድ ስገዛ የማደርገውን በዝርዝር ልንገርዎ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ከመሰካቴ በፊት ላፕቶፑን ዘግቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና በአራቱም ማዕዘን በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ከወዘወዘ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ከአካሉ ከፍ ብሎ ከታየ ባትሪው አብጧል ማለት ነውና ምንም ዓይነት ቅናሽ አያስደስተኝም። ቀጥሎ ከድርጅት የመጡ ማሽኖች ላይ ብቻ የሚገጥም ችግር አለ። ሲበራ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ) ገብቼ ማስተካከያዎቹን ለመለወጥ እሞክራለሁ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀኝ ሻጩ ካላወቀው እተወዋለሁ። ከዚያም ሻጩን ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ እንደ አዲስ እንዲጭነው እጠይቃለሁ፤ መጫኑ ሲያልቅ የአንድ የማላውቀው ኩባንያ ስም ወጥቶ በሠራተኛ አካውንት ግባ ካለኝ፣ ማሽኑ ከቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ አልተፋቀምና አንድ ቀን በልጁ እጅ ሊቆለፍ ይችላል። ይህን የሚፈትሽ ገዢ በጣም ጥቂት ነው፤ ተቆልፎባቸው ወደ ጥገና የሚመጡት ግን ጥቂት አይደሉም።

ባትሪውን በአፍ አልጠይቅም። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትዕዛዝ አለው፤ ሪፖርቱ ላይ ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅም እና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ለምሳሌ የመጀመሪያው 97፣ ሁለተኛው 58 ዋት ሰዓት ከሆነ ባትሪው ከመቶ ስልሳ ያህሉ ብቻ ቀርቶታል፤ ያን ጊዜ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ እንዲቀነስ እከራከራለሁ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ ስለምሄድ የኤስኤስዲውን ጤንነት በመቶኛና የሠራበትን ሰዓት ታሳየኛለች። በመጨረሻም ሄቨን የተባለውን የግራፊክስ መፈተኛ ከፍቼ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጎኑ አስቀምጬ፣ ሻይ አዝዤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሻጩ በዚህ ጊዜ ይሰለቻል፤ ይሰልች። ሙቀቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ደርሶ እዚያው ቢረጋ ጤነኛ ነው፤ ወደ 100 ተጠግቶ ፍጥነቱ ቢወርድ ማራገቢያው በአቧራ ተዘግቷል ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ደርቋል። ይህ በጽዳትና በቅባት የሚድን ስለሆነ ለመሸሽ ሳይሆን ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል። ሃያው ደቂቃ ሳያልቅ በድንገት ከጠፋ ግን ሻይዎን ጨርሰው ይውጡ።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፑን የሚገዙት አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የሚሠራው ግን አርባ ምንጭ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ጥግግቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚሆን ማራገቢያ በእያንዳንዱ ዙሩ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ በምትኩ የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ይክሰዋል። አርባ ምንጭ በጣም ዝቅ ስለምትል አየሩ ወፈር ይላል፤ ግን ቀኑ ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪን ይሻገራል፤ የክፍሉ ሙቀት በአሥር ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም ሙቀት በዚያው ልክ ለመጨመር ይሞክራል። በመሆኑም አዲስ አበባ ላይ በ95 ዲግሪ «ምንም አይል» የተባለ ማሽን እዚያ ሲደርስ ይንገዳገዳል። ልጅዎ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ከተጫወተበት ደግሞ የታችኛው የአየር መግቢያ ይደፈናል፤ ከኋላው በኩል ከፍ የሚያደርገው አንድ ወፍራም መጽሐፍ እንኳ ብዙ ይረዳል።

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። እነዚህ ማሽኖች በባትሪ ብቻ ሲሆኑ ኃይላቸውን ስለሚቀንሱ መብራት ሲሄድ ጌሙ በራሱ ይንቀራፈፋል፤ ይህን እንደ ጉድለት ይቁጠሩት ወይም እንደ በረከት ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ጉዳት የሚያደርሰው መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ነው፤ በዶርም ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ዲቫይደር ላይ ምድጃና ቻርጀር አብሮ ይሰካል። ስለዚህ ከ75 ሺህው ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ሺህውን ከወዲሁ ለይተው ያስቀምጡ፤ ከኃይል መዋዠቅ የሚከላከል ጥሩ ዲቫይደር፣ ጠንካራ ቦርሳ እና የፕሮጀክት ሥራውን ቅጂ የሚያስቀምጥበት ውጫዊ ዲስክ ይግዙበት። በኤስኤስዲ በኩል 256 ጊጋ አይበቃም፤ አንድ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋ በላይ መያዝ የተለመደ ሆኗል፤ ተማሪዎችም ከኢንተርኔት ከማውረድ ይልቅ ከጓደኛ ዲስክ ስለሚገለብጡ ቦታው ሳይታሰብ ያልቃል። 512 ጊጋ ይኑረው። የላፕቶፑን መለያ ቁጥር እርስዎም ዘንድ ጽፈው ያስቀሩ፤ በግቢ በር ላይ ሲያስመዘግብ የሚጠየቀው ያው ነው፤ ቢሰረቅም መነሻ የሚሆነው እሱ ነው።

ከወንድምዎ ወይስ ከዚህ ለሚለው፣ ታኅሣሥ እስኪደርስ መጠበቅ ከተቻለ ከወንድምዎ እላለሁ። የሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያ ወራት አብዛኛው ሥራ በወረቀትና በግቢው ኮምፒውተር ክፍል ይሸፈናል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአዲስ አበባ የላፕቶፕ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ እዚያ በዶላር የሚገዛው ማሽን ከነጋዴው ትርፍ የነፃ ይሆናል። ዴል ራሱ ከሊዝ የተመለሱ ማሽኖቹን ዴል ሪፈርቢሽድ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ በአጭር ጊዜ ዋስትና ይሸጣል፤ ወንድምዎ እዚያ ቢጀምሩ ከማያውቁት ግለሰብ ከመግዛት ይሻላል። ዋስትናው እዚህ ስለማይሠራ ግን ከመምጣታቸው ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ገዝተው፣ ከላይ የዘረዘርኩትን ፍተሻ እዚያው ያድርጉ። ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ ቦርሳ መያዝ ይችላሉ፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት። ወንድምዎ ካልመጡ ወይም ጊዜው ከረዘመ እነዚሁኑ ሞዴሎች መገናኛና ቦሌ ይፈልጉ፤ እዚያም «ግራፊክስ አለው» የሚለውን ቃል ሳይሆን ታስክ ማናጀሩን ይመኑ፤ ከእነዚህ ሞዴሎች አንዳንዱ በደካማ ካርድ ወይም ጭራሹኑ ያለ ካርድ ይሸጣልና።

ለወንድምዎ እንዲህ ብለው ይላኩላቸው፦ «ፕሪሲዥን 7540፣ ቲንክፓድ ፒ53 ወይም ዜድቡክ 15 ጂ6፤ ፕሮሰሰሩ አይ7 ባለ ስድስት ኮር፤ ካርዱ ኳድሮ ቲ2000፣ ካልተገኘ ቲ1000፤ ራሙ 16 ሆኖ በሁለት ተከፍሎ የተሰካ፤ ኤስኤስዲው 512፤ ስክሪኑ ፉል ኤችዲ፤ ባዮሱ ያልተቆለፈ።» ራሙ በሁለት እንዲከፈል የምለው ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 ይልቅ መረጃን በሁለት መንገድ ስለሚያመላልሱ ነው። በመልእክቱ መጨረሻ ላይ ስለ ቻርጀሩ ለብቻ ይጻፉላቸው፤ ከማሽኑ ጋር የተሠራው ዋናው ቻርጀር መሆን አለበት። ዴል ያላወቀው ቻርጀር ሲሰካበት ባትሪውን አልሞላም ብሎ ፕሮሰሰሩንም ያዘገያል፤ ልጁ ያን ጊዜ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይደውልልዎታል። የቻርጀሩ ጡብ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ከጡቡ እስከ ግድግዳው ያለውን የአሜሪካ ገመድ ብቻ ነቅለው እዚህ በሚሸጠው ባለ ሁለት ክብ እግር ገመድ ይተኩት፤ እየላላ ብልጭታ ከሚያወጣው መለወጫ ሶኬት ይህ በብዙ ይሻላል።